ቁልፉ እጅዎ እስኪገባ፦ የቪኤ ብድርን ከሌሎቹ አመዛዝኖ መምረጥ

የጭነት መኪናው ተከራይቷል፣ ዕቃው ተጭኗል፣ የድሮው ቤት ቁልፍ ለአከራዩ ተመልሷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ነገ መፈረም አይቻልም» አለችኝ የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ፣ ዝናብ ሊዘንብ ነው የምትል ይመስል። የጎደለው የምስጥ ምርመራ ወረቀት ነበር። ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በዚያ ግዛት በቪኤ ብድር፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) ዋስ በሚሆንበት ብድር፣ የሚገዛ ቤት የምስጥ ምርመራ እንደሚያስፈልገው አበዳሪው ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረበት። ያስታወሰው ግን ከፊርማው አንድ ቀን በፊት ነው። ምርመራው ተደርጎ ሲያልቅ ደግሞ የአባቴ ስም በጦር ሠራዊት መሰናበቻዬና በመንጃ ፈቃዴ ላይ በአንድ ፊደል ስለሚለያይ ሌላ አራት ቀን ሄደ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን አሥራ አንድ ሌሊት እኅቴ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አደርን። ምጣዱ ከነካርቶኑ ደረጃ ሥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ ቤት ለመግዛት ሲያስቡ ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቪኤው ይሻላል ወይስ ይቅርብኝ?» ሻጮች አይወዱትም፣ ይጓተታል፣ ገማቹ ያስቸግራል ሲባል ሰምተዋል። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ግን ብድርን ብቻውን አላወዳድርም። ይህ ብድር፣ በዚህ ቤት ላይ፣ በዚህ አበዳሪ እጅ፣ በተባለው ቀን ይዘጋል (ፊርማው አልቆ ቁልፉ እጅ ይገባል) ወይ? የሚለው ነው ቁም ነገሩ። በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነው ብድር እዚህ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ይሸነፋል።

ጽሑፉ በአሜሪካ ጦር ላገለገሉና በማገልገል ላይ ላሉ ወገኖች፣ ለትዳር ጓደኞቻቸውም ነው። በግሪን ካርድ የተቀጠሩ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ ዜጋ ያልሆኑትን በቋንቋ ችሎታቸው ይቀበል በነበረው፣ አማርኛንም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች በቆጠረው የማቭኒ ፕሮግራም የገቡ አሉ። ብዙዎቹ ይህን መብት አንድ ቀን እንኳን አልተጠቀሙበትም።

## በምን እንመዝን?

አማራጮቹ አራት ናቸው፦ ቪኤ፣ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር መድን የሚሰጠው ብድር)፣ ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው የተለመደው ብድር) እና የሌላ ሰውን የቪኤ ብድር መረከብ። የማያቸው በስድስት ነገሮች ነው።

- በፊርማው ቀን ከኪስ የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ
- ወርኃዊው ክፍያ፣ የብድር መድኑ (ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው አበዳሪውን የሚጠብቀው) ታክሎበት
- ብድሩ ቤት የሚያማርጥ መሆን አለመሆኑ
- ሻጩ ጥያቄዎን ሲያይ የሚሰማው ስሜት
- የገንዘብዎን ምንጭ የማስረዳት ጣጣ፣ በተለይ እቁብ ካለ
- አብሮዎት የሚፈርመው ሰው ማንነት

ወለድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወለድ በየቀኑ ስለሚቀያየርና እንደ ክሬዲት ነጥብዎ ስለሚለያይ፣ ለማነጻጸሪያ ያህል ሁሉንም በ6.5 በመቶ፣ በ30 ዓመት አስልቻለሁ። ምሳሌው የ450,000 ዶላር ቤት ነው። የቪኤ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከኮንቬንሽናሉ ትንሽ ዝቅ ስለሚል እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ሊሰፋ ይችላል። የንብረት ግብርና የቤት መድን ሁሉም ላይ ስለሚታከሉ ትቻቸዋለሁ።

## የቪኤ ብድር

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ገንዘቡን የሚያበድርዎት መንግሥት አይደለም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1944 ከፈረሙት ሕግ ጀምሮ የመንግሥት ድርሻ ዋስ መሆን ነው፤ ብሩን ቆጥሮ የሚሰጠው ባንክ ወይም የብድር ድርጅት ነው። ስለዚህ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደውን አበዳሪው ሊከለክል ይችላል። ለምሳሌ መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛ የክሬዲት ነጥብ አላስቀመጠም፤ ብዙ አበዳሪዎች ግን በራሳቸው ደንብ 620 ይጠይቃሉ፣ አንዳንዱ 580 ይበቃኛል ይላል። አንዱ ቢመልስዎት «ቪኤ ከለከለኝ» ብለው ቤትዎ አይግቡ። የከለከለዎት ያ አበዳሪ ብቻ ነው።

በገንዘብ በኩል የሚወዳደረው የለም። ቅድመ ክፍያ አይጠይቅም፤ ወርኃዊ የብድር መድንም የለውም። ሙሉ መብታቸው ላልተነካ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የብድር ጣሪያ ተነሥቷል። ያለው ወጪ ፈንዲንግ ፊ የሚባለው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቅድመ ክፍያ ለሚጠቀም 2.15 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚጠቀም 3.3 በመቶ። በምሳሌያችን 9,675 ዶላር ወይም 14,850 ዶላር ይሆናል፤ ከብድሩ ጋር ማጠቃለል ይቻላል። 5 በመቶ ቅድሚያ የከፈለ ሰው ወደ 1.5፣ 10 በመቶ የከፈለ ወደ 1.25 በመቶ ይወርድለታል፣ ስንተኛ ጊዜው ቢሆንም።

በአገልግሎት ላይ ለደረሰባቸው ጉዳት ካሣ የሚያገኙ ሰዎች ይህን ክፍያ ጨርሶ አይከፍሉም። አሥር በመቶ ጉዳት ቢሆንም ያው ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሉኝታ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጉልበቱ እያመመው «ምን ሆንኩ ብዬ ነው የማመለክተው» የሚል አውቃለሁ። ማመልከቻዎ ገብቶ ውሳኔ እየጠበቀ ከሆነ ለአበዳሪው ይንገሩ። ካሣው ከፊርማው በፊት ካለ ቀን ጀምሮ ከተፈቀደልዎት የከፈሉት ተመላሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ብስጭቱ እንምጣ።

የመጀመሪያው የብስጭት ምንጭ ገማቹ ነው። በቪኤ ብድር ገማቹን የሚመድበው መሥሪያ ቤቱ በተራ ነው፤ ሻጭም ደላላም አበዳሪም አይመርጡትም። ሥራው ሁለት ነው፦ የቤቱን ዋጋ ማውጣትና ቤቱ ለኑሮ አስተማማኝ፣ ጠንካራና ንጹሕ መሆኑን ማየት። የተላጠ ቀለም (በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት)፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የማይሠራ ማሞቂያ፣ መከታ የሌለው ደረጃ ሁሉ ከፊርማው በፊት ይጠገን ሊባል ይችላል። ሻጩ ካልጠገነ ነገሩ ይቆማል። እንደ እውነቱ ከሆነ ኤፍኤችኤም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል፤ ስሙ የከፋው ግን ቪኤ ነው።

ገማቹ ዋጋው ከውሉ በታች ሊሆንበት ሲል ታይድዎተር የሚባለው አሠራር አለ። ስሙ የመጣው ከቨርጂኒያው የባሕር ጠረፍ አካባቢ ነው። ገማቹ ሪፖርቱን ከመጨረሱ በፊት ለአበዳሪው ወይም ለወኪሉ ያሳውቃል፤ እነሱም በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ማስረጃ ያቀርባሉ። ሁለት ቀን! ሪልተርዎ (የቤት ደላላዎ) በእነዚህ ቀናት መልእክቱን ሳያይ ከቀረ ዕድሉ አለፈ። ስለዚህ ሪልተር ሲመርጡ «ታይድዎተር ቢመጣ ማን ይመልሳል?» ብለው ይጠይቁ። ቃሉን ሰምቶ ግራ የተጋባ ሪልተር ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

ጥሩው ነገር፣ ቤቱ ከውሉ ዋጋ በታች ቢገመት ቀብድዎን አያጡም። እያንዳንዱ የቪኤ ግዢ ውል ይህን የሚያስጠብቅ አንቀጽ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ልዩነቱን ከኪስዎ ከፍለው መቀጠል፣ ከሻጩ ጋር መደራደር ወይም ቀብድዎን ይዘው መውጣት ይችላሉ። ሻጮች ብድሩን የሚፈሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ለእርስዎ የተሰጠ ጋሻ ነው።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ ገዢ አቅሙ የሚፈቅድለት ብዙ ጊዜ ኮንዶ ነው። ቪኤ ደግሞ የሚያበድረው መላው ሕንፃ በመዝገቡ ላይ ከጸደቀ ብቻ ነው። ሕንፃው ካልጸደቀ ማኅበሩ ሰነዱን ልኮ እስኪጸድቅ መጠበቅ ነው፤ ሻጭ ያን ያህል አይጠብቅም። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቤቱን ሊጎበኙ ከመሄድዎ በፊት ይመልከቱት፤ ባለቤትዎ ወጥ ቤቱን ከወደደችው በኋላ ማየት ምንም አይጠቅምም።

ሦስተኛው የሕፃናት ማቆያ ነው። ቪኤ ከዕዳ ምጣኔ (ዕዳው ከገቢው ጋር ሲነጻጸር) በተጨማሪ ሁሉም ከተከፈለ በኋላ ለቤተሰቡ በወር የሚተርፈውን ይቆጥራል። ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን በሚያጠቃልለው የደቡብ ክልል ለአራት ሰው ቤተሰብ 1,003 ዶላር መትረፍ አለበት። የሚቀነሰው ውስጥ የልጆች ማቆያ ወጪ ይገኝበታል፤ አበዳሪውም ስለዚህ ወጪ የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቅዎታል። ልጆቹን አያት ከያዘች እሱኑ ጽፈው ይፈርማሉ። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

አራተኛው የስም ነገር ነው። የእኛ ስም አባትን እንጂ ቤተሰብን አይጠራም፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም እንደጸሐፊው ነው። የመሰናበቻ ወረቀትዎ ዲዲ 214፣ የብቁነት ማረጋገጫዎ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎና መንጃ ፈቃድዎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ፊደል በፊደል ይነበቡ። ልዩነት ካለ ለአበዳሪው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ፤ «ሁለቱም እኔ ነኝ» የሚል የፊርማ ቃል በጊዜ ከተዘጋጀ ነገሩ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

## ኤፍኤችኤ

ወታደር መሆንን አይጠይቅም። ክሬዲቱ 580 ለደረሰ 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ በምሳሌያችን 15,750 ዶላር። በላዩ 1.75 በመቶ የመነሻ መድን (7,599 ዶላር፣ ከብድሩ ጋር የሚጠቃለል) እና በዓመት 0.55 በመቶ፣ ማለትም በወር ወደ 199 ዶላር የሚደርስ መድን አለ። ከ10 በመቶ በታች ከከፈሉ ይህ ወርኃዊ መድን ብድሩ እስኪያልቅ አይነሣም። እዚህ ላይ ነው እኔ የማልወደው።

ሆኖም ቪኤ ያለው ሰው ኤፍኤችኤን እንዲመርጥ የሚያደርጉ ሁለት ትክክለኛ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ኮንዶ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ሕንፃው ባይጸድቅም አንድን ክፍል ብቻ ለይቶ ማጽደቅ ይቻላል፣ መስፈርቱን ካሟላ። ሁለተኛው ወንድምና እኅት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

## ኮንቬንሽናል

ሻጮች የሚወዱት ይህን ነው። ገማቹ የሚያተኩረው ዋጋው ላይ ነው፤ የተላጠ ቀለም አያስቆመውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ 3 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይበቃል፤ ምሳሌያችንን ግን በ5 በመቶ፣ በ22,500 ዶላር ይዘናል። መድን አለው፤ መጠኑ በክሬዲት ነጥብ ይወሰናል፤ ከፍተኛ ነጥብ ላለው ሰው ቀላል፣ ለ640ው ሰው የሚቆጠቁጥ ነው። መልካሙ ነገር ብድሩ ከቤቱ መነሻ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ይነሣልኝ ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ 78 በመቶ ሲደርስ በሕግ በራሱ ይነሣል። 20 በመቶ በእጁ ላለና ፈንዲንግ ፊ ለሚከፍል ሰው ይህ ብድር ከቪኤ ጋር በቁም ነገር ይወዳደራል።

## የሌላ ሰው የቪኤ ብድር መረከብ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የቪኤ ብድር ከነወለዱ ለሌላ ገዢ ይተላለፋል፤ ተረካቢው ወታደር ሆኖ የማያውቅ ሰው ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በ3 በመቶ አካባቢ የተዋዋሉ ባለቤቶች ሲሸጡ ያ ወለድ አብሮ ይሸጣል። ክፍያው 0.5 በመቶ ነው።

ጣጣው ሁለት ነው። ቤቱ 450,000 ተሽጦ የቀረው ዕዳ 330,000 ከሆነ 120,000 ዶላር ከኪስ ወይም ከሁለተኛ ብድር መምጣት አለበት። ደግሞም ጉዳዩን የሚጨርሰው ብድሩን አሁን የያዘው ድርጅት ነው፤ ለማስተላለፍ የሚቸኩልበት ጥቅም የለውም፣ ሁለትና ሦስት ወር መፍጀቱም የተለመደ ነው። በሌላ በኩል እርስዎ ሻጭ ከሆኑ ይጠንቀቁ፦ ተረካቢው የራሱን የቪኤ መብት ካልተካ የእርስዎ መብት ያ ዕዳ እስኪያልቅ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከዕዳው ነጻ የሚያደርግዎትን ሰነድ በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይፈርሙ።

## ከወንድም ጋር መግዛት፣ በእቁብ ገንዘብ መግዛት

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አንድም የእንግሊዝኛ መመሪያ እንደሚገባን አድርጎ ጽፎልን አላየሁም፤ ስለዚህ ልዘግይባቸው።

ወንድማማቾች ወይም እኅትማማቾች ተባብረው ቤት መግዛት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ቪኤ ግን ከትዳር ጓደኛዎ ውጪ፣ ወታደር ካልሆነ ሰው ጋር ሲፈርሙ የሚዋሰው የእርስዎን ግማሽ ብቻ ነው። አበዳሪዎች የጎደለውን ዋስትና ለመሙላት አብዛኛውን ጊዜ 12.5 በመቶ ያህል ቅድመ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በምሳሌያችን ወደ 56,000 ዶላር ነው። ፋይሉም ለመሥሪያ ቤቱ ተልኮ በቅድሚያ መጽደቅ አለበት። ብዙ አበዳሪ ከነጭራሹ አይነካውም። ኤፍኤችኤ ግን አብሮዎት የማይኖር የሥጋ ዘመድ በ3.5 በመቶ እንዲፈርምልዎት ይፈቅዳል። ስለዚህ የወንድምዎ ገቢ ካልታከለበት ብድሩ የማይወጣ ከሆነ ኤፍኤችኤ ያሸንፋል። ብቻዎን የሚወጣዎት ከሆነ ግን በቪኤ ብቻዎን ይግዙ፤ ወንድምዎ ለመዝጊያ ወጪ (በፊርማው ቀን ለሚከፈሉት ክፍያዎች) የሚረዳዎትን ከስጦታ ደብዳቤ ጋር ይስጥዎት።

የትዳር ጓደኛን በተመለከተ ግዛቱ ይወስናል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ያልፈረመ ባል ወይም ያልፈረመች ሚስት ዕዳ አይቆጠርም። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኔቫዳና አሪዞና ውስጥ ግን ለቪኤም ለኤፍኤችኤም ይቆጠራል። ሲያትል ወይም ዳላስ ያሉ አንባቢዎች ይህን አስቀድመው ያስሉ።

እቁብ። ደረሰዎት፤ 20,000 ዶላር ባንክ አስገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ሲያይ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጥና «ስጦታ ነው» ብሎ የዘመድ ስም ይሰጣል። አያድርጉት። በብድር ማመልከቻ ላይ ሐሰት መናገር የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። የኤፍኤችኤ ደንብ የግል የቁጠባ ማኅበር ገንዘብን በስም ጠቅሶ ይቀበላል፦ ማኅበሩ መኖሩንና የቆየበትን ጊዜ፣ ገንዘቡ ለእርስዎ መድረሱን፣ ብድር አለመሆኑንም ካስረዱ። ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው የፋኒ ሜይ የኮንቬንሽናል ደንብም እንዲሁ ነው፤ የእቁብ ዳኛው የጽሑፍ ማረጋገጫና እርስዎ በየጊዜው የከፈሉበት ማስረጃ ይበቃል። ግን ልብ ይበሉ፦ ዕጣው አስቀድሞ ከወጣልዎትና ገና የሚከፍሉት ዙር ከቀረ ያ ወርኃዊ መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጠራል። 1,000 ዶላር በወር የሚጣልበት እቁብ ከመኪና ዕዳ በላይ ብድርዎን ሊቀንሰው ይችላል።

ስለዚህ መዋጮውን ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በዜል ይላኩ፣ ዳኛው የአባላቱን ዝርዝርና የዙሩን ቀን በወረቀት ይያዝ፣ ገንዘቡም ከማመልከቻው ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ባንክ ይግባ። የቪኤ ሰው ቅድመ ክፍያ ስለሌለበት ይህ ጣጣ ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ ለመዝጊያ ወጪው የሚያመጣውን ገንዘብ ግን እሱም ይጠየቅበታል።

## በአንድ እይታ

| መስፈርት | ቪኤ | ኤፍኤችኤ | ኮንቬንሽናል (5 በመቶ) | የቪኤ ብድር መረከብ |
|---|---|---|---|---|
| ቅድመ ክፍያ፣ ለ450,000 ዶላር ቤት | የለም | 15,750 | 22,500 | በዋጋውና በቀሪው ዕዳ መካከል ያለው ልዩነት |
| የአንድ ጊዜ ክፍያ | 9,675፤ ካሣ ለሚያገኝ ዜሮ | 7,599 | የለም | ከቀሪው ዕዳ 0.5 በመቶ |
| ዋናውና ወለዱ በወር | 2,905፤ ካሣ ለሚያገኝ 2,844 | 2,793 | 2,702 | በአሮጌው ወለድ |
| የብድር መድን በወር | የለም | 199፣ እስከ መጨረሻው | እንደ ክሬዲቱ፣ በኋላ ይነሣል | የለም |
| የቤቱ ሁኔታ | ጥብቅ | ጥብቅ | ለቀቅ ያለ | እንደ ውሉ |
| ያልጸደቀ ኮንዶ | አይሆንም | ለአንድ ክፍል ሊቻል ይችላል | የራሱ ምርመራ አለው | ብድሩ አስቀድሞ አለ |
| ሻጩ የሚረዳው | የተለመደውን የመዝጊያ ወጪ፣ ተጨማሪ እስከ 4 በመቶ | እስከ 6 በመቶ | እስከ 3 በመቶ | በስምምነት |
| ከወንድም ጋር | ከባድ | ቀላል | ይቻላል | እንደ ብድሩ ባለቤት |
| በቀኑ የመዝጋት ዕድል | በአበዳሪው ይወሰናል | መካከለኛ | የተሻለ | ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

ቁጠባዎ ከ15,000 ዶላር በታች ከሆነ ቪኤ ነው፤ ሌላው ብዙም አያከራክርም። ያለዎትን ለመዝጊያ ወጪና ለመጀመሪያው ክረምት ያስቀምጡት። ውድድር በበዛበት ሰፈር ሳይሆን ቤቱ ሦስት አራት ሳምንት ሳይሸጥ በቆየበት ይፈልጉ፤ ያ ሻጭ የመዝጊያ ወጪዎን ለመሸፈን ጆሮ ይሰጣል።

የጉዳት ካሣ የሚያገኙ ከሆነ ቅድሚያ የሚከፍሉት ገንዘብ ቢኖርዎትም ቪኤ። ጉዳትዎ መቶ በመቶና ቋሚ ከሆነ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ የመኖሪያ ቤትን የንብረት ግብር ያነሣሉ፤ ይህ ሊበደሩት የሚችሉትን መጠን ራሱ ከፍ ያደርገዋል፣ አበዳሪው እንዲያሰላው ግን እርስዎ ማስታወስ አለብዎት።

20 በመቶና ከ740 በላይ ክሬዲት ካለዎት፣ ቤቱም ገዢ የሚሻማበት ከሆነ ኮንቬንሽናል። የቪኤ መብትዎ አያረጅም፤ ለሌላ ቀን ይቆያል።

የሚያድስ እጅ ካለዎትና አሮጌ ቤት በቅናሽ ከፈለጉ ኮንቬንሽናል። የተላጠ ቤት በቪኤ ለመግዛት የሚሞክር ሰው ጊዜውንም ቀብዱንም ያንገላታል።

ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ከሆነ የብድሩ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። የሚታየው በሁለት ዓመት የግብር ወረቀት ላይ ከወጪ በኋላ የቀረው ነው። ለግብር ሲባል ገቢውን አሳንሶ ያሳየ ሰው ለብድርም ያነሰ ሰው ነው። ቤት ለመግዛት ካሰቡ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ከሒሳብ ሠራተኛዎ ጋር ይነጋገሩ።

## አበዳሪውን መምረጥ

ትልቅ ባንክ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራ ድርጅት፣ የሰፈር የብድር ደላላ፦ ሁሉም ቪኤ እንሠራለን ይላሉ። እኔን ያጉላላኝ ወለዱ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነበር። ልዩነቱ በሩብ በመቶ ቢሆንም ወለዱን ለማስቆየት የከፈልኩት ቅጣት፣ የመኪናው ተጨማሪ ኪራይና የዕቃ ማከማቻው ተደምረው የመጀመሪያውን ዓመት ጥቅም በሉት። ስለዚህ አሁን ወዳጆቼን አራት ጥያቄ አስይዤ እልካቸዋለሁ።

1. ባለፈው ዓመት በዚህ ግዛት ስንት የቪኤ ብድር ዘግታችኋል? («ብዙ» መልስ አይደለም።)
2. የገማቹን ሪፖርት ራሳችሁ ታጸድቃላችሁ ወይስ ለመሥሪያ ቤቱ ትልካላችሁ? ራሱ የሚያጸድቅ አበዳሪ ቀናት ይቆጥባል።
3. ከቪኤ ደንብ በላይ የጨመራችሁት የራሳችሁ ደንብ ምንድን ነው?
4. የምስጥ ምርመራውን ማን፣ በየትኛው ሳምንት ያዛል?

የአበዳሪው የአገልግሎት ክፍያ ከብድሩ 1 በመቶ በላይ ሊሆን አይችልም፤ ያን አንድ በመቶ ካስከፈለ ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን የቢሮ ክፍያዎችን በላዩ መደርደር አይፈቀድለትም። ማመልከቻ ካስገቡ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ የሚመጣልዎትን የወጪ ግምት ከሁለት አበዳሪ ይቀበሉና ጎን ለጎን ያንብቡ። የሪልተርዎን ክፍያ ጉዳይም አይርሱ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የቪኤ ገዢ ራሱ እንዲከፍል ተፈቅዷል፤ ከሻጩ ጋር ካልተነጋገሩበት ግን በመጨረሻ የእርስዎ ሆኖ ያርፋል።

## የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

የመጨረሻው የወጪ ዝርዝር ከፊርማው ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ እጅዎ መግባት አለበት። ካልደረሰዎት ቀኑ ይገፋል፤ ስለዚህ ከአምስት ቀን በፊት ጀምረው ይጠይቁ። ሥራ አይቀይሩ፣ መኪና አይግዙ፣ ለማንም አይፈርሙ፤ አበዳሪው ከፊርማው ጥቂት ቀናት በፊት አሠሪዎን ደውሎ ይጠይቃል፣ ክሬዲትዎንም ዳግመኛ ያያል።

ገንዘብ የሚልኩበት የሒሳብ ቁጥር በኢሜይል ተቀይሯል ተብሎ ከመጣ ሌባ ነው ብለው ያስቡ። አስቀድመው በያዙት ስልክ ለታይትል ድርጅቱ (የቤቱን የባለቤትነት ዝውውርና የፊርማውን ገንዘብ ለሚያስተናግደው) ደውለው ቁጥሩን በቃል ሳያረጋግጡ አንድ ዶላር አይላኩ።

ወለድዎን ውሉ ከሚለው ቀን ሁለት ሳምንት አሻግረው፣ እንዳይቀየር ያስቆልፉ። የድሮውን ቤት ኪራይም ከፊርማው ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩ፣ አከራዩ እሺ ካለ ወር በወር አድርገው። የጭነት መኪናውን ደግሞ ገንዘቡ ለሻጩ መድረሱን ታይትል ድርጅቱ ሳይነግርዎት አይከራዩት። እኅቴ እስካሁን ምድር ቤቷን «የቪኤ ሆቴል» ትለዋለች።